ጥቁሩ «ነጭ ቢራ» እና የእናታችን ጋን

በሙኒክ ከተማ እምብርት ማሪየንፕላትስ የሚባል ሰፊ አደባባይ አለ። ከዚያ አደባባይ ወደ ምሥራቅ፣ ኢዛርቶር እስከሚባለው የጥንት የከተማ በር ድረስ የሚዘልቀው አጭር ጎዳና «ታል» ይባላል፤ ትርጓሜውም ሸለቆ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አጋማሽ፣ በዚያች ከተማ በነርስነት ሙያ ተሠማርታ የምትኖረውን እኅታችንን ለመጠየቅ በሄድን ጊዜ፣ ገና የመንገዱ ድካም ሳይለቀን ይዛን የወጣችው ወደዚሁ ጎዳና ነበር። ቤተ መንግሥቱንና የሥዕል ቤቱን ነገ እንደምንጎበኝ፣ ለዛሬ ግን አንድ ሽታ ልታሳየን እንደምትሻ ነገረችን። ሽታ እንዴት ይታያል ብለን ሣቅንባት፤ እርሷ ግን አልሣቀችም።

የገባንበት ቤት ስሙን በግንባሩ ላይ በትልቁ የጻፈ፣ «ሽናይደር» የተባለው የቢራ ጠማቂ ቤተሰብ አሮጌ ቤት ነው። በውስጡ ረጃጅም የእንጨት ገበታዎች ተደርድረዋል፤ እንግዳ ከማያውቀው እንግዳ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ከእኛ ጎን ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ነጭ ቋሊማ ከጣፋጭ ሰናፍጭና ከተጠማዘዘ ዳቦ ጋር ይመገቡ ነበር። ቋሊማው እንደ ልማዱ ከቀትር በፊት የሚበላ ሲሆን፣ ቆዳው ተገፎ ውስጡ ብቻ ይቀመሳል።

እኅታችን ያዘዘችው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ ለሁለት እንድንካፈለው። ይህ መጠጥ «አቬንቲኑስ» ይባላል፤ የአልኮሉ መጠን በመቶ 8.2 ስለ ሆነ ከተራው ቢራ ይልቅ ብርቱ ነው፤ በዝግታ እንጂ በጥማት የሚጠጣ አይደለም። አስተናጋጇ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ረጅሙን ብርጭቆ አስቀድመው በቀዝቃዛ ውኃ አለቀለቁት፤ ከዚያም አዘንብለው ጠርሙሱን ቀስ እያሉ ቀዱ። ጥቂት ሲቀር ጠርሙሱን በመዳፋቸው መካከል አሽከረከሩና ከታች የዘቀጠውን እርሾ አነቃንቀው በአረፋው ላይ ጨመሩት። ይህን ስናይ እኛም እኅታችንም በአንድ ቃል «ጉሽ!» አልን። አስተናጋጇ ቃሉን ባያውቁትም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁልን።

በባቫሪያ ምድር ከስንዴ የሚጠመቀው ቢራ ሁሉ «ቫይስቢር»፣ ማለትም ነጭ ቢራ፣ ይባላል። መልኩ የጠቆረ ሲሆንም ስሙ አይለወጥም፤ «ጥቁር ነጭ ቢራ» ይሉታል። በፊታችን የቀረበው ከቀይ ወደ ቡናማ ያደላ፣ የደፈረሰ፣ እንደ ጥጥ የተነባበረ አረፋ የደፋ ነበር። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫችን ስናስጠጋ በመጀመሪያ የበሰለ ሙዝ፣ ቀጥሎ ቅርንፉድ ሸተተን። ስንቀምሰው የዘቢብና የደረቀ ፍሬ ጣዕም አለው፤ ምሬቱ ጥቂት ነው፤ ጉሮሮን አልፎ ሲወርድ ያሞቃል። ከሁሉ በኋላ፣ አፍ ባዶ ከሆነ በኋላ፣ የሚቀር ሌላ ነገር ነበረ። እርሱንም ሁለታችንም ወዲያው አወቅነው፤ በምጣድ ላይ የታመሰ እህል፣ የአሻሮ ሽታ። እኅታችን ልታሳየን የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

ሙዙም ቅርንፉዱም በእንስራው ውስጥ የተጨመሩ አይደሉም፤ ሁለቱንም መዓዛዎች የሚፈጥረው እርሾው ነው። በጀርመን ሕግ የስንዴ ቢራ ለመባል ከብቅሉ ቢያንስ ግማሹ የስንዴ ብቅል መሆን አለበት፤ የቀረው የገብስ ነው። እርሾውም ሞቅ ባለ ሙቀት የሚሠራና ወደ ላይ የሚንሳፈፍ ዐይነት ነው። የአረፋው መወፈር ከስንዴው ገንቢ ንጥረ ነገር የመጣ ሲሆን፣ የመልኩ ጥቁረት ደግሞ ብቅሉ በእሳት ከደረቀበት መጠን ይወሰናል። ምሬቱን የሚሰጠውና መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ሆፕስ የሚባለው ሐረግ ነው፤ ይኸውም በእኛ አገር የጌሾ ሥራ መሆኑ ነው።

የዚህ ቢራ ታሪክ ከነገሥታት ግምጃ ቤት ጋር የተሳሰረ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1516 ሁለቱ የባቫሪያ መሳፍንት፣ ቪልሄልም 4ኛና ወንድማቸው ሉድቪግ 10ኛ፣ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ በቀር በሌላ ነገር እንዳይጠመቅ ዐወጁ። በዚህ ዐዋጅ ስንዴ ከጋን ወጥቶ ለዳቦ ብቻ እንዲውል ሆነ። ነገር ግን የደገንበርግ መኳንንት ቤተሰብ የስንዴ ቢራ የመጥመቅ ልዩ መብት ነበረው። በ1602 የዚህ ቤተሰብ ዘር ሲቋረጥ መብቱ በመስፍኑ በማክሲሚሊያን 1ኛ እጅ ገባ፤ እርሳቸውም በየቦታው የስንዴ ቢራ መጥመቂያ አቋቋሙ። ከእነዚህ አንዱ በ1607 በኬልሃይም ከተማ የተሠራው ነው። ከመጠጡ የሚገኘው ገቢ የመንግሥታቸው ትልቅ ምሰሶ ስለ ነበር፣ ከ1618 እስከ 1648 በቆየው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት የባቫሪያ ወታደር ስንቅና ደመወዝ በከፊል ከስንዴ ቢራ ጋን የተቀዳ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ዘመን ሲለወጥ ግን የሕዝቡ ምርጫ በቀዝቃዛ ቦታ ወደሚጠመቀው የገብስ ቢራ አዘነበለ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የስንዴው ቢራ ሊጠፋ ተቃረበ። ቤተ መንግሥቱም ትርፉ ስላነሰበት ቸል አለው። በ1872 ጌኦርግ ሽናይደር የተባሉት ጠማቂ ከንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ ዘመን ቤተ መንግሥት የመጥመቂያውን መብት አግኝተው፣ በዚሁ በታል ጎዳና ሥራቸውን ጀመሩ። ከእርሳቸው በኋላ ልጅ ከአባት እየተረከበ፣ ስሙም ጌኦርግ እየተባለ፣ ቤቱ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ከዚህ የጌኦርጎች ሰንሰለት መካከል አንድ ቦታ ላይ የሴት ስም ይገኛል። በ1905 ሦስተኛው ጌኦርግ ገና በወጣትነታቸው ሲሞቱ፣ ባለቤታቸው ማቲልደ ሽናይደር ልጃቸው አድጎ እስኪረከባቸው ድረስ መጥመቂያውን ራሳቸው መሩት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1907፣ ከስንዴ የተጠመቀ እንዲህ ያለ ብርቱ ጥቁር ቢራ በባቫሪያ ከዚያ በፊት ባልነበረበት ጊዜ፣ «አቬንቲኑስ»ን ለገበያ ያወጡት እርሳቸው ናቸው። ስሙ የተወሰደው የባቫሪያን ታሪክ ከጻፉትና የመጀመሪያውን የባቫሪያ ካርታ ካዘጋጁት ከዮሐንስ አቬንቲኑስ ነው። ከ1914 እስከ 1918 በነበረው ጦርነት እህል በራሽን ሲታደልና ጎበዙ ሁሉ ወደ ግንባር ሲዘምት፣ ቤቱን ያቆዩት እኒሁ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ።

እኅታችን ይህን ታሪክ እየተረጎመች ስትነግረን ድንገት ዝም አለች። የዝምታዋን ምክንያት ስለምናውቅ እኛም አልጠየቅናትም።

አባታችን የሠራዊቱ ባልደረባ ነበሩ። በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ ጦር ግንባር ሲወድቁ እናታችን የ30 ዓመት ሴት ነበሩ፤ እኛም አራት ልጆች ነበርን። የምንኖረው በባሌ ደጋ፣ ስንዴና ገብስ በሚታፈስበት አገር፣ በአንድ የጦር ሰፈር አጠገብ ነበር። እናታችን ከኀዘን ልብሳቸው ሳይወጡ ጋን ገዝተው ጠላ መጥመቅ ጀመሩ። ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ተነሥተው አሻሮ ያምሳሉ፤ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው አጥበው በወይራ ያጥናሉ። በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍተው በአጥር ላይ ሲያቆሙ ጠላ መድረሱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ደብተራችን፣ ጫማችን፣ የእኅታችን የነርስ ትምህርት ቤት ሻንጣ ሁሉ የተገዛው ከዚያ ጣሳ ሥር ነው።

እኛ ግን ያን ጣሳ እናፍርበት ነበር። በትምህርት ቤት «የጠላ ሻጭ ልጆች» ይሉን ስለ ነበር፣ መምህራን በሠፈራችን የሚያልፉ መሆናቸውን ስንሰማ እንጨቱን ነቅለን ከአጥሩ ሥር እናስተኛው ነበር። እናታችን መልሰው ያቆሙታል እንጂ ማን ነቀለው ብለው ጠይቀው አያውቁም። አንድ ዓመት የወላጆች ቀን በተቃረበ ጊዜ፣ ሌሊት ከመጋረጃው ወዲያ ተኝተዋል ብለን በሹክሹክታ ተማከርን። ምክራችንም፣ ነጠላቸው ጌሾና ጭስ ስለሚሸት ባይመጡ ይሻላል የሚል ነበር። በማግሥቱ በዓሉ ወደ ሌላ ጊዜ ተላልፏል ብለን ዋሸናቸው። ለመምህራችን ደግሞ እናታችን ታመዋል አልን። ያን ቀን ሽልማት የተቀበልን ሲሆን፣ ያጨበጨቡልን የሰው እናቶች ነበሩ።

በታል ጎዳና ጥቁሩን ቢራ በፊታችን አድርገን ያሰብነው ይህንን ነው። ባል የሞተባት ሴት የጠመቀችው መጠጥ በዚህ አገር ከ100 ዓመት በላይ ስሙ ተጠብቆ፣ ታሪኩ እየተተረከ ይጠጣል። በእኛ ቤት ግን ባል የሞተባቸው ሴት የጠመቁትን መጠጥ፣ በእርሱ ያደግነው ልጆቻቸው እንኳ ልኩን አንድ ቀን ጠይቀን አላወቅንም።

በማግሥቱ በእኅታችን መኪና ከሙኒክ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኬልሃይም ተጓዝን። በመንገድ ላይ የምታገኙት ሐለርታው የተባለው አገር በዓለም ላይ ሆፕስ በብዛት ከሚበቅልባቸው ምድሮች ግንባር ቀደሙ ነው። ሐረጉ የሚወጣባቸው ምሰሶዎች ቁመታቸው ወደ 7 ሜትር ይደርሳል። እኛ ባለፍንበት ወቅት ምርቱ ተሰብስቦ ነበርና፣ ባዶዎቹ ምሰሶዎችና በላያቸው የተዘረጉት ሽቦዎች እስከ አድማስ ድረስ ተሰልፈው፣ ጦሩ የለቀቀው ምሽግ ይመስሉ ነበር።

ኬልሃይም የአልትሚውል ወንዝ ከዳኑብ ጋር የሚገናኝባት ትንሽ ከተማ ናት። ከበላይዋ ባለው ኮረብታ ላይ ንጉሥ ሉድቪግ 1ኛ ናፖሊዮንን ድል ላደረጉት ዘማቾች መታሰቢያ ያሠሩት፣ በ1863 የተመረቀ ታላቅ ክብ ሕንጻ ቆሟል። በውስጡ 34 ክንፍ ያላቸው የድል ምስሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ዙሪያውን ከበዋል። የወታደር ልጆች ነንና በዚያ ጥቂት ቆምን፤ ለአባታችንም አሰብን።

መጥመቂያው በከተማው ውስጥ ይገኛል። በ1607 በመስፍኑ የተሠራውን ይህን ቤት የሽናይደር ቤተሰብ የገዛው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። የሙኒኩ መጥመቂያ በ1944 በአየር ድብደባ ከፈረሰ በኋላም ሥራው በሙሉ ወደዚሁ ተዛወረ። ቢራው ዛሬም ክፍት በሆኑ ገንዳዎች ይፈላል። አረፋው ነጭና ቡናማ ሆኖ ተቆልሎ ሲተነፍስ ከመስተዋት ወዲያ አየነው። ከብረቱ ጽዳትና ከሙቀት መለኪያው በቀር የምናውቀው ነገር ነበረ፤ እናታችን የጋኑን አፍ ከፍተው ጆሯቸውን አዘንብለው ድፍድፉ «ይናገር» እንደ ሆነ ያዳምጡ ነበርና።

ከዚያ ወጥተን በዳኑብ ዳር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ወደ አገር ቤት ስልክ ደወልን። እናታችን አሁን የ78 ዓመት አረጋዊት ናቸው፤ ጋናቸውን ካሳረፉ 20 ዓመት አልፏቸዋል።

«እማማ፣ ለአንድ ጋን ጠላ ስንት ጌሾ፣ ስንት ብቅል ነበር የሚጨምሩት?» አልናቸው።

«ምነው፣ እዚያ አገር የሚጠጣ ጠፋ እንዴ?» ብለው ሣቁ። የምር መጠየቃችንን ሲረዱ ግን ሣቃቸውን አቆሙ። «ልኬማ ዓይኔና አፍንጫዬ ነበሩ። ማን ጠይቆኝ ልቁጠረው?» አሉ።

እኅታችን ወረቀትና እርሳስ አወጣች። እርሳቸውም እያሰቡ፣ አንዳንዴም ራሳቸውን እያረሙ፣ አንድ በአንድ ነገሩን። ስንጨርስ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚጻፍ ጠየቁን። በጋዜጣ ላይ አውጥተን የወታደር ቤተሰብ እንዲያነበው እንደምንሻ ነገርናቸው። ለጥቂት ጊዜ ከወንዙ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

«እንግዲያውስ» አሉ በመጨረሻ፣ «ነጠላዬ ጌሾ ይሸት እንደ ነበርም ጻፉ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ያን ሌሊት አልተኙም ነበር ማለት ነው። ወደ 50 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይህን ይዘው፣ ሳይወቅሱን ኖሩ። እኅታችን ስልኩን ከእጃችን ተቀብላ ይቅርታ ለመጠየቅ ብትሞክር ድምፅዋ እምቢ አላት። እናታችን ግን፣ «ተዪ፣ ልጆች ነበራችሁ፤ እኔም ሰምቼ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ይልቅ ብቅሉን በትክክል ጻፊ፣ የስንዴ ነው፤ የገብስ እንዳትይ» አሉ።

እነሆ ባዘዙን መሠረት ልኩን በቤተሰብ ዓምዳችን እናሰፍራለን። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ከታጠነ በኋላ፣ 1 ጣሳ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውኃ ተበጥብጦ 3 ቀን ይቀመጣል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። በአራተኛው ቀን 2 ጣሳ የስንዴ ብቅል ዱቄትና በምጣድ ላይ ጠቆር ብሎ የተጋገረ 1 ትልቅ ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመርበታል፤ 2 ቀን ይቆያል። ከዚያም ስንዴና ገብስ እኩል ተቀላቅሎ፣ የተቆላ ቡና እስኪመስል ታምሶ የተፈጨ 8 ጣሳ አሻሮ፣ ከ1 ጣሳ የተወቀጠ የጌሾ እንጨት ጋር ገብቶ በወፍራሙ ይለወሳል፤ ይህም ድፍድፉ ነው። 8 ቀን ታፍኖ ከከረመ በኋላ በንጹሕ ውኃ ይቀጠናል፤ ጋኑ አፉ ተከድኖ በ3ኛው ቀን ይከፈታል። የፈለገ አጥልሎ፣ የወደደም በጉሹ ይጠጣዋል። አሻሮው ካረረ ጠላው ይመራል፤ ካልጠቆረ ደግሞ መልክም ጣዕምም የለውም። «ሽታው ከጎረቤት ሲደርስ አውጡት» ብለዋል እናታችን። የትኛውም መጠጥ በልክ ሲሆን ነው ደግ የሚሆነው፤ እርሳቸውም ሁለተኛውን ዋንጫ ለጨረሰ ወታደር ሦስተኛውን ከመቅዳታቸው በፊት «ደብዳቤ ለቤትህ ጻፍክ ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ ከሙኒክ አንድ የአቬንቲኑስ ጠርሙስ ይዘንላቸው ሄድን። እናታችን ብርጭቆውን በውኃ አለቅልቀን፣ አዘንብለን፣ የታችኛውን እርሾ አነቃንቀን ስንቀዳ በጥሞና ተመለከቱን። አንድ ጊዜ አሸተቱት፤ አንድ ጊዜ ቀመሱት። ከዚያም ብርጭቆውን አስቀምጠው የጠመቀው ሰው ማን እንደ ሆነ ጠየቁን። ባል የሞተባቸው ሴት ከ100 ዓመት በፊት እንደ ጀመሩት ስንነግራቸው እንደገና አንስተው ቀመሱት።

«ጎበዝ ናት» አሉ። «አሻሮዋን ግን ትንሽ ቀደም ብላ አውጥታዋለች።»

በሚመጣው የጥምቀት በዓል ጋኑ ከጓዳ ይወጣል፤ እኅታችንም ፈቃድ ወስዳ ትመጣለች። አሻሮውን የምናምሰው እኛ ነን፤ እናታችን ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዙናል። ጣሳውንም በአጥሩ ላይ በእንጨት ጫፍ ደፍተን የምናቆመው እኛው ነን።